ባሕር ሸሽ የማን ነው?

ግንቦት ላይ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ አቅጣጫ ወጣ ብላችሁ ወደ ጣና ዳርቻ ብትወርዱ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ ታገኛላችሁ። ከብት ይግጥበታል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጥግ ጥጉን ሽምብራ ወይም በቆሎ የዘራበትም አይጠፋም። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ አይቶት «ይሄን የመሰለ ቦታ እንዴት ባዶውን ተቀመጠ?» ቢል አይፈረድበትም። ከፊት ውሃ አለ፣ ከኋላ መንገድ አለ፣ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ዓይን ትጠግባለች። ሎጅ እዚህ ካልተሠራ የት ሊሠራ ነው?

እዚያው ቦታ መስከረም ላይ ተመለሱ። ሜዳው የለም። ልጆቹ ኳስ ሲያንከባልሉበት በነበረው ላይ ታንኳ ይቀዘፋል።

የአካባቢው ገበሬ ለዚህ መሬት ስም አውጥቶለታል። ባሕር ሸሽ ይለዋል። ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ የሚል፣ ባሕሩ ሲመለስ የሚጠፋ መሬት ማለት ነው። በጣና ዳርቻ ሪዞርት ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክር ዞሮ ዞሮ እዚህች ቃል ላይ ይወድቃል። ባሕር ሸሽ መሬት ነው ወይስ ውሃ? መሬት ነው ካልን በሊዝ ሊሰጥ ነው። ውሃ ነው ካልን ማን ያጥረዋል? ክርክሩ ሲጦፍ የምንሰማው ሌላ ሌላውን ነው፤ ልማት፣ የሥራ ዕድል፣ ቱሪስት፣ ዩኔስኮ። እኔ ግን ጉዳዩ የሚጀምረው በየወሩ ቦታዋን ከምትቀይረው ከዚህች መስመር ነው ባይ ነኝ።

«ባሕር» ስል አንዳንድ አንባቢ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። አገሪቱ ባሕር የላትም እየተባለ በሚወራበት ዘመን እኛ የጎጃም ሰዎች ጣናን ባሕር ማለት አልተውንም። ሐይቅ የሚለውን ትምህርት ቤት ነው የተማርነው። ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ነው። ሌላው ዓለም በጥብቅ የባሕር ክልል አጠገብ ሆቴል ይቁም አይቁም እያለ የሚጨቃጨቀውን ጭቅጭቅ እኛ ጨው በሌለው ውሃ ላይ እንጨቃጨቀዋለን። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ተቃውሞው ምን ይላል?

የሎጅ ወሬ በተነሣ ቁጥር ነገሩ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰዎች መጥተው ይለካሉ። ቀጥሎ ችካል ይተከላል። ስብሰባ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። በስብሰባው ላይ «አስተያየት ስጡ» ይባላል፤ ችካሉ ግን ከተተከለ ሰንብቷል። ከቅሬታው ግማሹ የሚወለደው ከዚህ ቅደም ተከተል ነው። ሰው የማይስማማበትን ነገር እንኳ ቀድሞ ቢጠየቅ በሌላ ልብ ይሰማዋል።

ደግሞ ተቃዋሚ ሲባል አንድ ወገን አይምሰላችሁ። ዓሣ አስጋሪው ስለ መረቡ ያስባል። ከብት ያለው ስለ ግጦሹ። የገዳሙ አባት ማታ ማታ ውሃ ለውሃ ተንሳፍፎ ስለሚመጣው ሙዚቃ ይጨነቃሉ፤ ድምፅ በውሃ ላይ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የሐይቅ ዳር ሰው ያውቀዋል። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ስለ ረግረጉ ያወራል። የከተማው ወጣት ስለሚዋኝበት ቦታ። ታንኳ ሠሪው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሰው ስለ ደንገሉ፣ ታንኳው ስለሚሠራበት የውሃ ዳር ተክል። ሁሉም በአንድ ስብሰባ «አንፈልግም» ይበሉ እንጂ የማይፈልጉት ነገር አንድ አይደለም። ባለሥልጣኑም ባለሀብቱም ይህን ሳያጣሩ «ልማት የማይወድ ሕዝብ» ብለው ይደመድማሉ።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከተቃዋሚዎቹ መሐል ደንገሉን መንጥሮ ጫት የተከለ፣ ፓምፕ ደቅኖ ከሐይቁ የሚስብ ሰውም ይገኛል። ስብሰባ ላይ ስለ ጣና መድረቅ ሲናገር እንባው ይመጣል። ፓምፑ ግን እቤት እየሠራ ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ወደ አንድ ወገን ያደላብኛል።

ትሪ ላይ ያለ ውሃ

ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ለስሙ አይመጥንም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው፤ አማካዩ ከ10 ሜትር በታች። ሰፊ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ አድርጋችሁ አስቡት። ከትሪው ትንሽ ብትቀንሱ መሐሉ ያው ነው፤ ቀድሞ የሚደርቀው ጠርዙ ነው።

ከ60 በላይ ወንዝና ጅረት ይገባበታል። ከሚገባው ውሃ ከ100 እጅ 90 የሚሆነውን የሚያመጡት ግን ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ናቸው። በጎጃም በኩል ያለው ትልቁ ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ይመጣል። የተፈጥሮ መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ የተረፈውን ፀሐይ ትወስደዋለች፤ የምትወስደውም ጥቂት አይደለም።

በዓመት ውስጥ የሐይቁ ከፍታ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወጣል ይወርዳል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ይጎድላል። አንድ ሜትር ተኩል ለገደል ዳርቻ ምንም አይደለም። ለጥ ባለ ዳርቻ ላይ ግን ውሃው በመቶ ሜትሮች ይሸሻል ማለት ነው። ባሕር ሸሽ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ላይ የሰው እጅ ተጨመረ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ የተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጣና የሚወጣው የሚወርደው በዝናብ ብቻ አይደለም። ለጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ውሃ በዕቅድ ይለቀቃል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ መጣ። በምዕራብ በኩል ከቁንዝላ አካባቢ ውሃ ተወስዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጎ ነው የተሠራው። ጣና ብዙ አለቃ ያለው ሐይቅ ሆኗል። ዝናቡ ያነሰበትና ውሃ በብዛት የተለቀቀበት ጊዜ ሲገጣጠም ምን እንደሚሆን በ1995 ዓ.ም. አይተናል። ሐይቁ ከልክ በላይ ወርዶ መርከቦች ቆመው ነበር። የዚያን ጊዜ ብቅ ያለውን መሬት ብዙ ሰው አረሰው። ውሃው ሲመለስ «መሬቴን ባሕር ወሰደብኝ» ያለም ነበር። አስቡት፤ ባሕሩ የራሱን መልሶ ቢወስድ ተከሳሽ ሆነ።

ወደ ሪዞርቱ ስንመለስ ጥያቄው ይህ ነው። «ከሐይቁ ዳርቻ ይህን ያህል ሜትር ርቆ ይሠራ» የሚል መመሪያ ቢወጣ ሜትሩ የሚቆጠረው ከየትኛው ዳርቻ ነው? ከግንቦቱ ወይስ ከመስከረሙ? ለኪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መኪና በሚገባበት በበጋ ነው። በጭቃ ማን ይመጣል! ስለዚህ ካርታው ላይ «ከዳርቻው የራቀ» የተባለው ግንባታ ጥቅምት ላይ እግሩን ውሃ ነክሮ ሊገኝ ይችላል። ማንም አልዋሸም። የተለካው ግን በተሳሳተው ወር ነው።

ደንገሉ ዕይታ ይጋርዳል

ሪዞርት የሚሸጠው አልጋና ምግብ ይመስለናል። ዋናው ሸቀጡ ግን ዕይታ ነው። «የሐይቅ ዕይታ ያለው ክፍል» ከሌለው ክፍል ይወደዳል። በጣና ዳርቻ ደግሞ በክፍሉና በውሃው መካከል የሚቆም አንድ ነገር አለ፤ ደንገል። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ስለዚህ ሎጅ ሲመጣ የመጀመሪያው ሟች እሱ ነው። በክፋት አይደለም፤ እንግዳው ውሃውን ማየት ስላለበት ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ አፈር ይሞላበታል፣ የድንጋይ ግንብ ይሠራለታል፣ ሣር ይተከልበታል። ሣሩም በማዳበሪያ ያምራል።

ደንገል ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ግን ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ ጠቁሮ፣ አፈር ተሸክሞ ሲመጣ አይታችሁ እንደሆነ፣ ያ ውሃ በረግረግ ውስጥ ሲያልፍ ይረጋጋል። አፈሩ እዚያ ይቀራል። ከማሳው የታጠበውን ማዳበሪያም ሥሩ ይበላዋል። ለሐይቁ እንደ ወንፊት ነው።

ለዓሣ ደግሞ የሕፃናት ክፍል ነው። አምባዛ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ያጥለቀለቀው ሣር ውስጥ ገብቶ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ዳርቻ ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን የተለየ ታሪክ አለው። ለእኛ ሁሉም ነጭ ዓሣ ነው፤ ባለሙያዎች ግን በጣና ውስጥ 15 ያህል ዓይነት ለይተዋል። በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ የተባዛ የዚህ ወገን ስብስብ በዓለም ላይ ሌላ የለም። ብዙዎቹ ክረምት ላይ ወንዝ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። የወንዙ አፍ ላይ የሚሠራ ነገር ሁሉ እንግዲህ የእነሱ በር ላይ ተሠራ ማለት ነው።

ስለ ፍሳሹም እናንሳ። ሪዞርት ብዙ ውሃ ይጠቀማል፤ የተጠቀመበትን የሆነ ቦታ መልቀቅ አለበት። «ሴፕቲክ ታንክ አለን» ይባላል። ባሕር ሸሽ ላይ ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ ከእግራችሁ ሥር ነው። መስከረም ላይ ጉድጓዱና ሐይቁ አንድ ይሆናሉ። ባሕር ዳር እንደ ከተማ ራሷ ፍሳሿን በወጉ ሰብስባ የማጣራት ችግሯ የቆየ ነው፤ ሪዞርቱን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ግን በታመመ ሰው ላይ ሌላ በሽታ አይጨመርም።

እምቦጭን እዚህ ላይ አስታውሱ። ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ በሰሜን በኩል በመገጭ መግቢያ አካባቢ ጀምሮ ተስፋፋ። ገበሬው፣ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው በእጁ ሲነቅል ከርሟል። ከአዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ መጥቶ ጭቃ ውስጥ የገባ አለ። እምቦጭ የሚወፍረው በምን መሰላችሁ? ከማሳ በሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማ በሚወጣ ፍሳሽ። በአንድ እጃችን አረሙን እየነቀልን በሌላው ወንፊቱን ካጨድንለት ዘመቻው ማብቂያ የለውም።

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ወደ ዘጌ መንገድ ያለው የኢንፍራንዝ ረግረግ ነገሩን በደንብ ያሳያል። ከተማው የሚጠጣውን ውሃ ለዓመታት ያገኘው ከዚያ አካባቢ ምንጮች ነው። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም እዚያ ይከርማሉ። ረግረጉን «ባዶ መሬት» ያለ ሰው እቤቱ ቧንቧ ከፍቶ ሲጠጣ ምን እየጠጣ እንደሆነ አላወቀም።

ዩኔስኮ አጥር አይደለም

ሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ክልልነት መዘገበው። በአንድ የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ድጋፍ ብዙ ተለፍቶበት የተገኘ ምዝገባ ነው። ስፋቱ 696 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሆናል። ያን ቀን ባሕር ዳር ተደሰተች፤ እኔም ተደስቻለሁ። ግን ብዙዎቻችን ምን እንዳገኘን በትክክል አልገባንም ነበር። «ከእንግዲህ ማንም አይነካውም» ብለን ተኛን።

የባዮስፌር ክልል ሦስት ቀጠና አለው። ጥብቁ ቀጠና፣ መከለያው ቀጠናና የሽግግር ቀጠናው። በጥብቁ ውስጥ ተፈጥሮ ብቻ ነው የሚኖረው። በመከለያው ውስጥ ተፈጥሮን የማይጎዳ ሥራ ይፈቀዳል። በሽግግሩ ሰው ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ከተማ ይሠራል። ከጠቅላላው ስፋት ጥብቁ ቀጠና 23 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው፤ ከ100 እጅ 3 ብቻ። በሌላው ሁሉ በየደረጃው የሰው ሥራ ይፈቀዳል። ሪዞርት በመርህ ደረጃ አልተከለከለም ማለት ነው። «ባዮስፌር ነው፣ ሪዞርት አይሠራም» የሚል ተቃዋሚ ክርክሩን በቀላሉ ይሸነፋል። «መከለያው ውስጥ የሚሠራው ሥራ ጥብቁን አይጎዳም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን መልስ ያሳጣል።

ሌላም አለ። ዩኔስኮ ፖሊስ የለውም። ምዝገባው ክብር ይሰጣል እንጂ ማንንም አያስርም። የሚያስረው የአገሩ ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ አለ፤ ችግሩ የሕግ እጦት አይመስለኝም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይላል። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበትም ያዛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ሕዝብ ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ በአካባቢ ጉዳይ እንዲመከርበት ይደነግጋል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የውሃ ዳርቻን ዝም ብሎ አላለፈውም። በክልል ደረጃ ጣናንና ሌሎች የውሃ አካላትን ለመጠበቅ ተብሎ የተቋቋመ ኤጀንሲም አለ።

ታዲያ ምን ጎደለ? ግምገማውን የሚያሠራውና የሚከፍለው ባለሀብቱ ራሱ ነው። ሰነዱ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ቢሮ ውስጥ ይቀመጣል። ታንኳ ቀዛፊው ሄዶ «እስቲ አሳዩኝ» ይላል? ቢልስ ማን ያነብለታል? ሕጉ በሩን ከፍቶታል፤ ቤቱ ግን ከሱ ሰፈር ሩቅ ነው። ከመሬት ቢሮ ፈቃድ ያገኘ፣ ከኢንቨስትመንት ቢሮ ማበረታቻ ያገኘ ባለሀብት ወደ አካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ እምቢ ማለት ለአንድ ባለሙያ ቀላል አይደለም።

ዘጌ ያለ ዩኔስኮ እንዴት ቆየች?

ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ሄዳችሁ ዘጌ ስትደርሱ ሌላ ዓለም ነው። ደን፣ ከደኑ ሥር ቡና፣ ከቡናው መሐል ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ቤተ ማርያም። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። ከብትም አይረባም። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ ይህ ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን የመጣ ነው፤ ሕዝቡ ሳያርስና ከብት ሳያረባ በቡናው፣ በጌሾው፣ በፍሬው ይኑር የሚል። በዙሪያው ያለው አገር ሲመነጠር ዘጌ ደን ሆና የቀረችው በዚህ ነው።

ይህን የማነሳው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። የዘጌ ሕግ ከአዋጁ የሚለይበት አንድ ነገር ስላለ ነው። ወሰኑን ሁሉም ያውቀዋል። የት ጀምሮ በሬ እንደማይገባ ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም። ደግሞ የሚጎዳውም የሚጠቀመውም አንድ ሰው ነው። በሬ የቀረበት ሰው ቡናውን ይለቅማል። በባሕር ሸሽ ላይ ይህ የለም። የሚጠቀመው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ።

ዘጌም ቢሆን ያለ ችግር አይደለችም። ሰው በዝቷል፤ ማገዶ ወደ ባሕር ዳር ይጫናል፤ ወጣቱ በቡና ብቻ አይኖርም። «ቃል ኪዳኑን ጠብቁ፣ ሌላ ገቢ ግን አንሰጣችሁም» ማለትም ግፍ ነው። ሎጅ ሊከፈት ነው ሲባል ከዘጌ ወጣቶች ደስ የሚለው ሞልቷል። ለምን አይደሰት?

የባለሀብቱን ወገን እንስማ

የጣና አስጎብኚ፣ የጀልባ ባለቤት፣ የቅርጻ ቅርጽ ሻጭ ያለፉትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፈ የሚያውቀው ያውቀዋል። መጀመሪያ ኮሮና። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት። ጀልባው ወደብ ላይ ታስሮ ቀለሙ ተላጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ «መቶ ሰው እቀጥራለሁ» የሚል ባለሀብት ሲመጣ ስለ አምባዛ እንቁላል ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ይገባኛል።

በሰሜኑ ዳርቻ ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ትልቅ ሪዞርት ተሠርቶላታል። የጎጃም ዳርቻ ሰው «ለጎርጎራ የተፈቀደ ለእኛ ለምን ይከለከላል?» ቢል ጥያቄው ሚዛን ይደፋል። መንግሥት ራሱ ዳርቻ ላይ እየሠራ ባለሀብቱን ራቅ በል ማለት ይከብዳል። ባሕር ዳር ላይም አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ከተከፈተ ወዲህ የዳርቻው መሬት ዋጋ በሰው ዓይን ከፍ ብሏል።

ግን ሥራው ለማን ነው? ጓሮ የሚያጸዳው፣ ጥበቃው፣ አልጋ አንጣፊዋ ከአካባቢው ይሆናሉ። ምግብ አብሳዩና ሥራ አስኪያጁ ከሌላ ቦታ ይመጣሉ። ዓሣው ራሱ ከሩቅ ዳርቻ ይመጣል፤ ምክንያቱም ፊት ለፊቱ ያለው መራቢያ ግንብ ሆኗል። ካሳ ሲሰላ ደግሞ የሚቆጠረው ቤት፣ ዛፍና ሰብል ነው። ባሕር ሸሽ ላይ ያረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ የይዞታ ደብተር የለውም። የዓሣው መራቢያ በየትኛው ሠንጠረዥ ይገባል? የደንገሉስ? ታንኳ ሠርቶ የሚኖረው የነገደ ወይጦ ሰው ደንገል ፍለጋ በየዓመቱ እየራቀ ይሄዳል። ይህ ማኅበረሰብ ከባሕር ዳር ዳርቻ ከተማ በሰፋ ቁጥር ሲገፋ የኖረ ነው። እንደገና ሊገፋ የሚችል የቀረው ቦታ ጥቂት ነው።

ከራሴ አንድ ልጨምር። ልጅ ሆነን የምንዋኝበት ቦታ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ከእህቴ ልጆች ጋር ሄድኩ። ግንብ ሆኗል። በር ላይ የቆመው ጥበቃ በትሕትና «ጋሼ፣ ለመግባት የሆነ ነገር መግዛት አለብዎት» አለኝ። አራት የፕላስቲክ ውሃ ገዝተን ጣናን አየን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። ጥበቃውን አልተቀየምኩትም፤ እሱም የሰፈራችን ልጅ ነው። ቢሾፍቱ ሄዶ ሐይቅ ለማየት የሆቴል ቡና የጠጣ ሰው ወዴት እየሄድን እንደሆነ ይገባዋል።

ከሜክሲኮ የመጣ ወሬ

በሜክሲኮ ባሕር ዳርቻ ካቦ ፑልሞ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ዓሣው ሲያልቅባቸው አስጋሪዎቹ ራሳቸው ባሕሩ ጥብቅ ክልል ይሁን ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1995 ፓርክ ሆነ። ማስገር አቆሙ፤ ጎብኚን ባሕር ውስጥ እያስጠለቁ ማስጎብኘት ጀመሩ። ከ1999 እስከ 2009 ባለው ጊዜ በባሕሩ ያለው ዓሣ ጠቅላላ ክብደት ከ4 እጥፍ በላይ ጨመረ። ይህን ጊዜ አንድ የስፔን ኩባንያ መጣ። ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ክፍሎች፣ የጎልፍ ሜዳዎች፣ የጀልባ ወደብ። ልብ በሉ፤ ቦታው ከፓርኩ ውጭ ነበር። አጠገቡ። ኩባንያው «ፓርኩን አልነካም» አለ። መንደርተኛው «ውሃው ወሰን አያውቅም» አለ። ሳይንቲስቱም ጠበቃውም ተባበረ። በሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. የያኔው ፕሬዚዳንት ፌሊፔ ካልዴሮን ፕሮጀክቱን ሰረዙት።

ይህን ወሬ የሚነግሩን ሰዎች «ተቃውሞ ያሸንፋል» ለማለት ይጠቀሙበታል። እኔ የወደድኩት ሌላውን ነው። እነዚያ ሰዎች እምቢ ሲሉ በእጃቸው ሌላ ነገር ይዘው ነበር። ጎብኚው ወደ እነሱ ይመጣል፤ ጀልባው የነሱ ነው፤ ማደሪያው የነሱ ነው። «ሪዞርቱ ከቀረ ምን ትበላላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ መልስ ነበራቸው። ጣና ዳር ያለ አስጋሪ ይህ መልስ ገና በእጁ የለም። መስጠት የሚችሉት ደግሞ ሪዞርቱን ለመሳብ የሚሮጡት ቢሮዎች ናቸው። የጀልባ ማኅበራት፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ በቀበሌው ሰው የሚሠራ ትንሽ ማደሪያ፣ የዘጌ ቡና በዘጌ ስም ተቆልቶ መሸጡ። ለእነዚህም መሬትና ብድር ይፈለጋል፤ ሊዙ ግን በካሬ የሚቆጠረው ለትልቁ ነው።

የባዮስፌር ክልል በየ10 ዓመቱ ይገመገማል። የጣና አስረኛ ዓመት በ2017 ዓ.ም. ሞላ። ምን ጠብቀን ምን እንዳጠፋን የሚጠየቅበት ጊዜ ነው። በዚህ የጸጥታ ሁኔታ ዳርቻውን ዞሮ ማየትም፣ ሕዝብ ሰብስቦ ማነጋገርም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ይህ ትልቅ ፈቃድ የሚሰጥበት ጊዜ አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ፤ ሰው በነፃነት መሰብሰብ በማይችልበት ወቅት «ሕዝቡ ተመካክሮበታል» የሚል ሰነድ ማን ያምናል?

እስከዚያው ግን አንድ ርካሽ ሥራ አለ። ወሰኑ በመስከረም ይተከል። ሐይቁ ሲሞላ፣ አስጋሪው፣ ገበሬው፣ ቄሱ፣ ለኪውና ባለሀብቱ በአንድ ጀልባ ሆነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ባሕር ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መሬት ነው ተብሎ። ሜትሩም ከዚያ ይቆጠር። በጎልማሳ ዕድሜ ያለ የዳርቻው ሰው ሁሉ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ ያውቃል፤ ለጥናት ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

ባለፈው ጥቅምት በዚያው በኳስ ሜዳው በኩል በጀልባ አልፌ ነበር። በበጋ የተተከሉት ችካሎች አልተነቀሉም። ጫፋቸው ብቻ ከውሃው በላይ በተርታ ይታያል። በአንዱ ላይ ዓሣ በል ወፍ ቆሞ ወደ ታች ያያል። ጀልባ ቀዛፊው እንዳይጋጭባቸው ቀስ ብሎ ዞራቸው።